«ሪሶርስ» ሀብት ነው ወይስ መላ?

በትርጉም ሥራ ጀማሪ ሳለሁ አንዲት ሴት አሳፍራኛለች። ሴትዮዋ ያለችው በአንድ አጭር የእንግሊዝኛ ትረካ ውስጥ ነው። ጸሐፊው ሲያስተዋውቃት «ዉማን ኦፍ ግሬት ሪሶርስ» ይላታል። እኔም ሳላቅማማ «የብዙ ሀብት ባለቤት የሆነች ሴት» ብዬ አለፍኩ። ከሦስት ገጽ በኋላ ይህችው ሴት በምታፈስ ጀልባ መካከል ቆማ፣ የቀሚሷን ጫፍ ቀድዳ ሽንቁሩን ስትወትፍ፣ በጫማዋ ውኃውን ወደ ውጭ ስትጨልፍ ትታያለች። ረቂቁን ያዩት አርታዒ በቀይ እስክሪብቶ ከኅዳጉ ላይ የጻፉት አንድ መስመር ብቻ ነበር፦ «ይህን ያህል ሀብት ካላት አዲስ ጀልባ አትገዛም?»

አፍሬ መዝገበ ቃላት ገለጥኩ። መጀመሪያውኑ ያልገለጥኩት ቃሉን የማውቀው ስለመሰለኝ ነው፤ ተርጓሚን ጉድ የሚሠራው ደግሞ ብዙ ጊዜ ያወቀው የመሰለው ቃል ነው። ሪሶርስ ስለ ሰው ጠባይ ሲነገር፣ በተለይም በነጠላ ሲሆን፣ የሚያወራው ስለ ጭንቅላት ነው፤ ኪስ የለበትም። የእኛው «መላ» ልክክ ይልለታል። ሪሶርስፉል የሚሉት ሰው መላ የማያጣ፣ ብልኃተኛ፣ ቢጨንቀውም የሚይዝ የሚጨብጠው የማይጠፋው ነው። ከ«ሀብታም» ጋር ያለው ዝምድና እጅግ የሩቅ ነው። እንዲያውም በትረካ ውስጥ ሪሶርስፉል የሚባሉት አብዛኞቹ ባዶ እጃቸውን ያሉ ናቸው። ገንዘብ ያለውማ ይገዛል፤ መላ ምን ያደርግለታል?

ቃሉ ወደ እንግሊዝኛ የገባው ከፈረንሳይኛ ነው፤ ጊዜውም የ17ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ገደማ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ፈረንሳይኛው «ረሱርስ» የወጣው «ረሱርድር» ከሚባል የቆየ ግስ ሲሆን ፍቺው ዳግም መነሣት፣ ማንሰራራት ነው። ከዚያ ወደ ኋላ ሲኬድ ላቲን ይገኛል፦ «ሱርጌሬ» መነሣት፣ «ሬ» ዳግም፣ ሁለቱ ሲጋጠሙ «ሬሱርጌሬ»። ከዚሁ የላቲን ግስ የወጣ ሌላ ቃል አለ፤ «ሬዘሬክሽን»፣ ማለትም ትንሣኤ። የመሥሪያ ቤት ሪፖርት ያደከመው ሪሶርስና ትንሣኤ ዘመዳሞች ናቸው ቢባል ማን ያምናል? ቤተሰቡ ደግሞ ሰፊ ነው። ውኃ ከመሬት ሆድ ተነሥቶ ብቅ ሲል «ሶርስ» ይሆናል፣ ምንጭ። ባሕር ተነሥቶ ዳርቻውን ሲያጥለቀልቅ «ሰርጅ» ይሉታል። መንግሥት ላይ የተነሣ ዐማፂ «ኢንሰርጀንት» ነው። አማርኛም «መነሣት»ን እንዲሁ ለሁሉም ያውላታል፦ ሕመምተኛው ተነሣ፣ ማዕበል ተነሣ፣ ዐመፅ ተነሣ።

ሪሶርስ እንግሊዝኛ ውስጥ ሥር ሲሰድ የያዘው ፍቺ የጎደለን የሚሞላ፣ በጭንቅ ጊዜ የሚደረስበት መውጫ የሚል ነበር። «ሪሶርስ የለውም» የተባለ ሰው በእኛ አነጋገር መላ ቅጡ የጠፋው ሰው ነው። ያ የጥንቱ ስሜት ከሁሉ በላይ ፍንትው ብሎ የሚታየኝ ግን በፈረንሳዮች የአውሮፕላን አብራሪ ቋንቋ ነው። እነሱ ዘንድ ቁልቁል የሚምዘገዘግን አውሮፕላን ቀና የማድረግ እንቅስቃሴ «ረሱርስ» ይባላል። አፍንጫው ወደ መሬት ተደፍቷል፤ የከፍታ መለኪያው ቁጥሩን እየጣለ ይወርዳል፤ አብራሪው መሪውን ወደ ደረቱ ይስባል። የገዛ ክንዱ እንደ እርሳስ ይከብደዋል፣ ጉንጩ ወደ ታች ይጎተታል፣ ክንፎቹ ይጨነቃሉ፤ ከዚያ አፍንጫው ቀስ እያለ ከአድማሱ ጋር ይተካከላል። ያቺ ቀና ማለት ናት ረሱርስ። ጀልባ ውስጥ ያለችው ሴትዮም የነበራት ይህ ነው።

በአማርኛ ለዚህ ስሜት የሚቀርበኝ ምሳሌያዊ አነጋገር «ያለውን የወረወረ ፈሪ አይባልም» የሚለው ነው። አነጋገሩ የጦር ሜዳ ቃና አለው። ጦር ያለው ጦሩን፣ ድንጋይ ያለው ድንጋዩን ይወረውራል፤ የሚጠየቀው መወርወር አለመወርወሩን እንጂ ምን እንደያዘ አይደለም። ዛሬ የምንለው በትንሽ ዐቅም ሞክሮ ላልተሳካለት ሰው ነው፤ የሰጠው ነገር አንሶበት የሚሽኮረመመውንም እናጽናናበታለን። ልብ ብላችሁ ከሆነ «ያለውን» ነው የሚለው፤ «የሚበቃውን» አይልም። እንግሊዝኛው «ሌፍት ቱ ሂዝ ኦውን ሪሶርስስ» ሲልም እዚያው ሠፈር ነው ያለው፦ ሰውዬው ረዳት የለውም፣ ጠያቂ የለውም፣ በያዛት በራሱ መላ ይወጣው ተብሎ ተትቷል። ይህን «ለገዛ ሀብቱ ተተወ» ብሎ የሚተረጉም ሰው ካለ፣ አንባቢው ሰውዬው ውርስ የደረሰው ይመስለዋል።

እግረ መንገዴን፣ በድምፅ የሚቀራረቡ ሁለት ጎረቤቶች ስላሉት ከነሱ ጋር እንዳይምታታ። «ሪኮርስ» ወደ ኋላ ከመሮጥ የመጣ ነው፤ ዕርዳታ ፍለጋ ወይም ለአቤቱታ የሚዞሩበትን ቦታ ያመለክታል። «ሪዞርት» ደግሞ «ላስት ሪዞርት» ሲባል የመጨረሻ መጠጊያ ማለት ነው። በአማርኛ ሪዞርት ሲባል ቶሎ የሚታየን መዋኛ ገንዳ ስለሆነ ይሄኛው በተለይ ያሳስታል።

ታዲያ መላ የነበረው ቃል እንዴት ሀብት ሆነ? በብዙ ቁጥር በኩል ነው የገባው። አንድ መውጫ መላ ነው፤ ብዙ መውጫ ያለው ሰው ግን ባለጸጋ መምሰል ይጀምራል። በ18ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ገደማ «ሪሶርስስ» ለአገር ይነገር ጀመር፤ አንድ መንግሥት በችግር ጊዜ እጁን የሚዘረጋበት ገንዘብ፣ መሬት፣ ደን፣ ማዕድን፣ የሰው ጉልበት ማለት ሆነ። ዛሬ «የተፈጥሮ ሀብት» የምንለው የዚህ ልጅ ነው፤ እዚህ ላይ «ሀብት» ማለታችን ትክክል ነው፤ ማንም አይቀየምም። ሪቻርድ ኦቲ የተባለው ምሁር በ1993 ስም ያወጣለት «የሀብት እርግማን»ም፣ ማዕድንና ነዳጅ የተትረፈረፈላቸው አገሮች በዕድገት ወደ ኋላ ሲቀሩ የሚባለው፣ በ«ሀብት» ካልሆነ አይጥምም።

ሆኖም ከአፈር በታች ያለ ሁሉ በራሱ ሀብት ነው ማለት አይደለም። ኤሪክ ዚመርማን የተባለው የምጣኔ ሀብት ምሁር የሞገተው ይህን ነው። በእሱ አባባል ሪሶርስ እንዲሁ ተቀምጦ የሚገኝ ነገር ሳይሆን ሰው ሲፈልገውና ሲያውቅበት ሪሶርስ የሚሆን ነገር ነው። ዩራኒየምን እዩት። ማርቲን ክላፕሮት የተባለው ጀርመናዊ ኬሚስት በ1789 ለየው። ከዚያ ከመቶ ዓመት በላይ ዋና ከሚባሉ አገልግሎቶቹ አንዱ ብርጭቆና ሸክላን ቢጫና አረንጓዴ ማቅለም ነበር። በ1938 መጨረሻ ኦቶ ሃንና ፍሪትዝ ሽትራስማን በርሊን ውስጥ ባደረጉት ሙከራ አተሙ እንደሚሰነጠቅ ታወቀ። ድንጋዩ ያው ድንጋይ ነው፤ አንዲት ጠጠር አልተጨመረበትም። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ግን መንግሥታት የሚሻሙበት ሆነ። ቀለም የነበረው ሪሶርስ የሆነው ሰው መላ ሲመታበት ነው፤ እነሆ የድሮው ትርጉም በጓሮ በር ተመልሶ ገባ።

እዚህ ላይ ጋዜጠኞቻችንን አንድ ነገር ልለምን። በማዕድን ሥራ «ሪሶርስ» እና «ሪዘርቭ» የተለያዩ ናቸው። ሪሶርስ ማለት በጥናት የተደረሰበት፣ ወደፊት ሊያዋጣ ይችላል ተብሎ ተስፋ የተጣለበት የማዕድን መጠን ነው፤ እሱም ጥናቱ በጠለቀ ቁጥር በግምት ያለ፣ የተመላከተ፣ የተለካ እየተባለ ደረጃ ይወጣለታል። ሪዘርቭ ግን ከዚያ ውስጥ ወጪው፣ ቴክኒኩ፣ ሕጉ፣ ገበያው ሁሉ ተሰልቶ ማውጣቱ ያዋጣል የተባለው ብቻ ነው። ሁለቱንም «ክምችት» ብሎ መዝጋት መዘዝ ያስከትላል፤ ገና ተስፋ የሆነውን በእጅ እንደገባ አድርጎ ማውራት ይሆናል። እኔ ለመጀመሪያው «የተጠና ክምችት»፣ ለሁለተኛው «የሚያዋጣ ክምችት» እላለሁ። የተሻለ ያለው ያምጣ።

«ታዳሽ» የሚለው ቅጽልም ያስቀኛል። የቃሉን ሥር ካስታወስን ሪሶርስ በትውልዱ ዳግም የሚነሣ ነው፤ «ታዳሽ ሪሶርስ» ማለት እንግዲህ «ዳግም የሚነሣ ዳግም ተነሺ» መሆኑ ነው። ድንጋይ ከሰልና ነዳጅ ደግሞ «ዳግም የማይነሣ ዳግም ተነሺ»። ቋንቋ ሥሩን ሲረሳ እንዲህ ነው የሚያደርገው፤ ማንም ግን ከዚህ የተነሣ አልታመመም።

ወደ ሰው እንምጣ። ድሮ የሠራተኛን ጉዳይ የሚይዘው የመሥሪያ ቤት ክፍል «ፐርሶኔል» ይባል ነበር፤ ዛሬ «ሂዩማን ሪሶርስ» ሆኗል። ፒተር ድራከር በ1954 ስለ ሥራ አመራር ሲጽፍ ሰው ከሌላው ሪሶርስ የሚለይበትን ነጥሎ አውጥቷል፦ የማስተባበር፣ የማዋሐድ፣ የመፍረድና የማሰብ ችሎታ ያለው እሱ ብቻ ነው። ሐሳቡ ሰውን ለማክበር ነበር። ቃሉ ወደ ቢሮ በር ላይ ሲወጣ ግን ብዙ ሠራተኛ «እኔ እንደ ሲሚንቶ የምመዘገብ ነኝ?» ብሎ ተቀየመ፤ ቅያሜው እስካሁን አልበረደም። በአማርኛ ደግሞ ሌላ ጣጣ ተጨመረ። «የሰው ሀብት» በተራው ንግግራችን የሌላ ሰው ንብረት ማለት ነው፤ «የሰው ገንዘብ አትንካ» እንደምንለው። «የሰው ሀብት አስተዳደር» የሚል ሰሌዳ ሳይ ሁልጊዜ ውስጤ ያለው ተንኮለኛ «የማንን ሀብት ነው የሚያስተዳድሩት?» ይላል። «የሰው ኃይል» የሚለው የቀድሞው አጠራር ከዚህ ይድን ነበር፤ እሱ ቢቀጥል አልጠላም።

ሀብትን ግን ብቻዋን ልወቅሳት አልፈልግም፤ የራሷ የሆነ ያማረ ታሪክ አላት። ግዕዝ «ወሀበ» ሲል ሰጠ ማለቱ ነው፤ ሀብት ከዚያ ወጥታ መጀመሪያ የነበራት ፍቺ ስጦታ ነው። ሀብተ ማርያም፣ ሀብተ ጊዮርጊስ፣ ሀብተ ወልድ የሚሉት ስሞች ስለ ብልጽግና አያወሩም፤ የማርያም ስጦታ፣ የጊዮርጊስ ስጦታ፣ የወልድ ስጦታ ነው የሚሉት። «የተፈጥሮ ሀብት» የምንለውም በጥንቱ ጆሮ ሲሰማ ተፈጥሮ የሰጠችን ነው። እንግሊዝኛው የወደቀን ከሚያነሣው ተነሥቶ፣ የእኛው ከላይ ከተሰጠው ተነሥቶ፣ ሁለቱ መሐል መንገድ ላይ ተገናኙና ገንዘብ ሆኑ።

ኮምፒውተር ሲመጣ ቃሉ እንደገና ዘመድ አበዛ። በድረ ገጽ አድራሻ ስም ውስጥ፣ ዩ አር ኤል በምንለው፣ መሐል ያለችው «አር» ሪሶርስ ናት። ቲም በርነርስ ሊና ባልደረቦቹ በ1994 መጨረሻ ደንቡን ሲያወጡ ሪሶርስ ያሉት አድራሻ ሊሰጠው የሚችል ማንኛውንም ነገር ነው፤ ጽሑፍ ይሁን ሥዕል ወይም ፕሮግራም። እዚህ ላይ «ሀብት» የሚል ተርጓሚ አንባቢውን ያደናግራል። ለመምህራን በተዘጋጀ ገጽ ላይ «ሪሶርስስ» የምትለዋን ቁልፍ «ሀብቶች» ብለው ተርጉመዋት አይቻለሁ፤ ስትነካ የምታወጣው የመልመጃ ወረቀት ነው። «መርጃ መሣሪያ» የሚል የተባረከ ቃል እያለን! ለንባብ ከሆነ «አጋዥ ጽሑፍ»፣ ለፕሮጀክት ዕቅድ ከሆነ «ግብዓት»፣ ለገቢ ከሆነ «ምንጭ»። አንዱን ቃል ሁሉም ቦታ ከመለጠፍ ይህ ሁሉ ይሻላል።

ባለፈው አክስቴ ደወለችልኝ። ላፕቶፗ ቀጥ ብሎ ቀርቷል፤ ፊቱ ላይ ያወጣው ጽሑፍ ቃል በቃል የተተረጎመ ነው፦ «በቂ የሥርዓት ሀብት የለም»።

«አንተ ልጅ፣ ይሄ ነገር ገንዘብ አነሰኝ እያለ ነው እንዴ?»

«የለም አክስቴ፣ ማስታወሻው ሞልቶ፣ ሥራው በዝቶበት ዐቅም አጥሮት ነው። ስንት ነገር ከፍተሽበታል?»

ቆጠረች። ሠላሳ አንድ ገጽ፣ ሁለት ቪዲዮ፣ የልጅ ልጆቿ ፎቶ ያለበት ማኅደር። ግማሹን ልትዘጋ ሞከረች፤ እንቢ አለ። ቁልፉን ተጭና እንድታቆየውና አጥፍታ እንድታበራው ነገርኳት። ስልኩ ጆሮዋ ላይ እንዳለ ዝም ብለን ጠበቅን፤ ማራገቢያው ሲያንሾካሹክ ይሰማኛል።

«ተነሣ!» አለች።