ደሴ ላይ መታከም፦ መንግሥት ሲቀየር ለማን ምን ተቀየረ?

ረፋድ ላይ ደሴ መናኸሪያ ቆሞ ከአውቶቡስ የሚወርደውን ሰው ያየ፣ ለሕክምና የመጣውን ለመለየት አይቸገርም። ጋቢውን ተከናንቦ፣ በሁለት ሰው ትከሻ ተደግፎ ነው የሚወርደው። ከኋላው ያለችው ሴት በፌስታል የጠቀለለችውን ወረቀት ደረቷ ላይ ይዛለች። ሪፈር ወረቀት ነው። ከደላንታ፣ ከተንታ፣ ከወግዲ፣ ከሳይንት፣ ከወረባቦ፣ አንዳንዴም ከአፋር በኩል ይመጣሉ። ደሴ የደቡብ ወሎ ዞን ዋና ከተማ ናት፤ ለብዙ ታማሚ ደግሞ የመጨረሻዋ ጣቢያ ናት። ከዚህ ካለፈ አዲስ አበባ ነው፣ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ።

በደሴና በኮምቦልቻ ዙሪያ ሕክምና ማን ያገኛል፣ ማን ይቀርበታል? መንግሥት በተቀየረ ቁጥርስ፣ የእኛም ይሁን የአሜሪካ፣ እዚህ ያለውን በሽተኛ ምን ይነካዋል? እስቲ ከሥሩ እንየው።

የጤና ፍትሐዊነት ሲባል የስብሰባ ቃል ይመስላል። ጥያቄው ግን አጭር ነው። ደሴ ከተማ ሸዋበር ሰፈር ያለች ነፍሰ ጡርና ተንታ ገጠር ያለች ነፍሰ ጡር ምጥ ሲይዛቸው እኩል የመትረፍ ዕድል አላቸው? የላቸውም። በፈረንጆቹ 2019 በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከከተማ እናቶች 70 በመቶው ጤና ተቋም ሲወልዱ፣ ከገጠሮቹ 40 በመቶው ብቻ ነበሩ። ቁጥሩ የአገር ነው እንጂ የወሎ ብቻ አይደለም። የእኛን ዳገትና ቁልቁለት ለሚያውቅ ሰው ግን አይገርመውም።

የጤና ተቋማቱ መሰላል እንዲህ ነው። ታች ቀበሌ ላይ ጤና ኬላ አለ፣ ከ3 ሺህ እስከ 5 ሺህ ሰው እንዲያገለግል የታሰበ። ከእሱ በላይ ጤና ጣቢያ ነው፣ ገጠር ላይ ለ25 ሺህ ሰው ገደማ። ከዚያ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል፣ ቀጥሎ ጠቅላላ ሆስፒታል፣ ጫፉ ላይ ስፔሻላይዝድ። በዞኑ ውስጥ ሐይቅ፣ አቀስታና መካነ ሰላም ሆስፒታል አላቸው፤ ጫፉ የደሴ ኮምፕርሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ነው። ከደሴ በሰሜን በኩል ወጣ ሲባል ደግሞ ቦሩ ሜዳ አለ። ቦሩ ሜዳ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስታውሰው አፄ ዮሐንስ በ1870 ዓ.ም የጠሩትን ጉባኤ ነው። ለሕሙማን ግን ሆስፒታሉ ነው የሚታወሰው። ሚሲዮናውያን ለሥጋ ደዌ ታማሚዎች ብለው የጀመሩት ነው፤ ዛሬም ለቆዳ፣ ለዓይንና መድኃኒት ለተላመደ ቲቢ ሰው ከሩቅ ይመጣበታል። ሰው የሸሸውን በሽተኛ የተቀበለ ቦታ ስለሆነ፣ ለእኔ የወሎ የጤና ፍትሐዊነት ታሪክ የሚጀምረው ከእዚያ ነው።

መሰላሉ ውስጥ ያልተጻፈ አንድ ደረጃ አለ። ወሎ ውስጥ ዕድሩን ቅሬ እንለዋለን። ቅሬው ሬሳ ብቻ አይሸከምም፤ የታመመም ይሸከማል። አምቡላንስ በማይገባበት ቀበሌ ወላዷን በቃሬዛ አድርጎ፣ እየተቀያየረ መኪና መንገድ የሚያደርሳት የቅሬው ጎረምሳ ነው። የትኛውም መንግሥት በጀት አልያዘለትም። ግን ስንት እናት ያተረፈ ነው።

ወደ ፖሊሲው እንሂድ። በንጉሡ ዘመን ሆስፒታልና ሐኪም በብዛት የተከማቸው አዲስ አበባና አስመራ ነበር። ደርግ የመጀመሪያ ደረጃ ጤና ክብካቤን መርሑ አድርጎ ጤና ጣቢያ አስፋፋ፤ ጦርነቱ ግን ገንዘቡንም ሰዉንም በላው። ኢሕአዴግ ገብቶ የሽግግር መንግሥቱ በ1986 ዓ.ም የጤና ፖሊሲ አወጣ። መከላከልን አስቀደመ፣ ሥልጣኑንም ወደ ክልልና ወረዳ አወረደ። ትልቁ ለውጥ ግን አሥር ዓመት ያህል ቆይቶ ነው የመጣው። በ1995 የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ተጀመረ። አሥረኛ ክፍል የጨረሱ ሴቶች አንድ ዓመት ሠልጥነው፣ ደመወዝ ተቆርጦላቸው፣ ለአንድ ቀበሌ ሁለት ሁለት ሆነው ተመደቡ። ከ30 ሺህ በላይ ናቸው። ቤት ለቤት ዞሩ፤ መጸዳጃ ቤት አስቆፈሩ፣ ክትባት ሰጡ፣ የእርግዝና ክትትል አስለመዱ።

እኔ ይህን ፕሮግራም አከብረዋለሁ። ባለሙያው ወደ ሰዉ ሄደ፣ ሰዉ ወደ ባለሙያው እስኪመጣ አልጠበቀም። በፈረንጆቹ 2000 ከ100 ሺህ በሕይወት ከሚወለዱ ሕፃናት አንጻር 871 እናቶች ይሞቱ ነበር፣ በ2016 ወደ 412 ወረደ። አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱ ሕፃናት ቁጥርም በሕይወት ከሚወለዱ አንድ ሺህ ሕፃናት 166 ከነበረበት፣ በዚያው ጊዜ ወደ 67 ወረደ። ሁሉም የኤክስቴንሽን ሥራ ውጤት ነው ማለት አይቻልም፤ መንገዱም፣ ትምህርቱም፣ የውጭ እርዳታውም አለበት። ያለ እነዚያ ሴቶች ግን አይታሰብም።

ቀጥሎ የመጣው የገንዘቡ ጉዳይ ነው፣ ደሴ ላይ በየቀኑ የሚያጨቃጭቀው። አገራችን ውስጥ ለጤና ከሚወጣው ገንዘብ አንድ ሦስተኛ የሚጠጋው በቀጥታ ከታማሚው ኪስ ነው። ገበሬው በሬውን ሸጦ ይታከማል፣ ቢድንም በምን እንደሚያርስ አያውቅም። ይህን ለመቅረፍ በ2003 ዓ.ም የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን በአራት ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀመረ። ከ13ቱ አንዷ ከደሴ ሰሜን አፍንጫችን ሥር ያለችው ተሁለደሬ ነበረች። ሐይቅ ገበያ ላይ የሚሸጥና የሚገዛ ገበሬ ከአብዛኛው የአገሪቱ ሕዝብ ቀድሞ የመድህን ደብተር ያዘ ማለት ነው። ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም፤ ልንኮራበት ይገባል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ቤተሰቡ በዓመት አንዴ መዋጮ ይከፍላል፣ ደብተሩ ላይ የቤተሰቡ አባላት ይመዘገባሉ፣ ሲታመሙ ሳይከፍሉ ይታከማሉ። መክፈል የማይችል ድሃ በቀበሌው ተለይቶ ወረዳውና ክልሉ ይከፍሉለታል። ቅደም ተከተሉን ግን መጠበቅ ያስፈልጋል። መጀመሪያ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ ሪፈር። ሪፈር ሳያጽፉ በቀጥታ ሆስፒታል ቢሄዱ መድህኑ ሙሉውን አይሸፍንም። መነጽር፣ ሰው ሠራሽ ጥርስና ለቁንጅና የሚደረግ ሕክምናም አይካተትም።

እና ችግሩ ምን ላይ ነው? መስኮቱ ላይ።

ባለፈው ዓመት የአክስቴን ልጅ ይዤ አንድ ሆስፒታል የመድኃኒት መስኮት ፊት ተሰልፌ ነበር። ከፊቴ አንድ አባት ነበሩ፣ ከተንታ የመጡ። ደብተራቸውን ከፌስታሉ አውጥተው ሰጡ። ደብተሩ ጠርዙ ተበልቶ፣ ማህተሙ ላብ ነክቶት ተስፋፍቷል። የታዘዘላቸው አምስት ዓይነት ነው። ባለሙያዋ በእስኪርቢቶ እየጫረች ሦስቱ ጎን «የለም» ብላ ጻፈች፣ ሁለቱን ሰጠቻቸው። «አብሽሩ አባባ፣ ውጭ ይገኛል» አለቻቸው፣ ረጋ ብላ። «ልጄ፣ እኔ እኮ የከፈልኩት እዚህ እንዳገኝ ነው» አሉ። ሌላ ምንም አላሉም። ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ደጁ ላይ ያለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። እኔም ተራዬ ደርሶ ለአክስቴ ልጅ ያው «የለም» ተጻፈልኝ። እኔ ባጃጅ ይዤ ወጥቼ ገዛሁ፣ እሳቸው ግን ሲወጡ አላየሁም።

ነገሩ የአንዲት ባለሙያ ጥፋት አይደለም። ሰንሰለቱን ላሳያችሁ። ሆስፒታሉ ታማሚውን በመድህን ያክምና ሂሳቡን ሰብስቦ ኋላ ወረዳውን ይጠይቃል። ወረዳው ሲዘገይ የሆስፒታሉ እጅ ይደርቃል። መድኃኒት ደግሞ የሚገዛው በዚያው ገንዘብ ነው፣ በአብዛኛው ከኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት፤ ደሴም ቅርንጫፍ አለው። ገንዘብ ሲያጥር ግዢው ያጥራል፣ መደርደሪያው ባዶ ይሆናል፣ ታማሚው ከውጭ ይገዛል፣ በዓመቱ «ደብተሩ ምን ፈየደልኝ» ብሎ ሳያድስ ይቀራል፣ መዋጮው ይቀንሳል፣ ሆስፒታሉ ደግሞ ይበልጥ ይደርቃል። መድህን የሚሞተው እንዲህ ነው። ደብተር ለሁሉም ስለታደለ ሁሉም እኩል ታከመ ማለት አይደለም፤ መድኃኒቱ ከሌለ ውጭ መግዛት የቻለ ይድናል፣ ያልቻለ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል።

በመጋቢት 2010 ዶክተር ዐቢይ አሕመድ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው አዲስ አስተዳደር መጣ። ጤና ሚኒስቴርን ዶክተር አሚር አማን፣ ከዚያ ዶክተር ሊያ ታደሰ፣ ከ2016 ጀምሮ ዶክተር መቅደስ ዳባ መርተውታል። መሠረቱ አልተናደም፣ ኤክስቴንሽኑም መድህኑም ቀጥሏል፤ መድህኑ ከሙከራ ወጥቶ በብዙ ወረዳ ተስፋፋ። ለእኛ አካባቢ ከፖሊሲው ይልቅ የከበደው ግን ጦርነቱ ነው። በጥቅምት 2014 ደሴና ኮምቦልቻ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ገቡ፣ በኅዳር 27 መንግሥት ሁለቱንም መልሶ እንደያዘ አስታወቀ። የደሴ ሆስፒታል በዚያ መሃል ተዘረፈ፣ ተጎዳ። ከዚያ በፊት ሚሊዮኖች ሪፈር የሚጻፍላቸው ቦታ እንደሆነ አስቡ። ለስኳር ታማሚ፣ ለወላድ፣ የደም ግፊት መድኃኒት ላለቀበት ሽማግሌ ያ ወር ምን እንደነበር የነበረ ያውቀዋል። ሳንጽናና ከሐምሌ 2015 ማብቂያ ወዲህ ደግሞ በክልሉ ሌላ ግጭት መጣ። መንገድ ሲዘጋ ሪፈር ወረቀቱ ተራ ወረቀት ይሆናል፤ አምቡላንስም አይንቀሳቀስም።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። ዶላሩ 57 ብር ገደማ ነበር፣ በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። መንግሥት መድኃኒትን እደጉማለሁ ብሏል። ከውጭ አገር የሚገባ መድኃኒት ግን በዶላር ነው የሚገዛው፣ የግል ፋርማሲው መደርደሪያ ላይ ያለው ዋጋም ያንን ያስታውሳል። ስለዚህ «ውጭ ይገኛል» የምትለዋ ቃል ከበፊቱ ይበልጥ ከበደች።

አሁን ደግሞ ዋሽንግተን። ጥር 12 ቀን 2017 ፕሬዝዳንት ትራምፕ ሥልጣን በያዙበት ዕለት የውጭ እርዳታን ለ90 ቀን የሚያግድ ትእዛዝ ፈረሙ። በቀናት ውስጥ የእኛው ጤና ሚኒስቴር በአሜሪካ የተራድኦ ድርጅት በዩኤስኤአይዲና በአሜሪካ የበሽታ መከላከያ ማዕከል ገንዘብ የተቀጠሩ 5 ሺህ የጤና ሠራተኞች ውል እንዲቋረጥ ደብዳቤ ጻፈ። ኋላ ሕይወት አድን ለሚባሉ አገልግሎቶች ልዩ ፈቃድ ተሰጠ፤ ዩኤስኤአይዲ ራሱ ግን በሰኔ 24 ቀን 2017 በይፋ ተዘጋ።

ይህ ለኮምቦልቻ የሩቅ ወሬ አይደለም። ኮምቦልቻ የመኪና መንገድ ከተማ ናት። ደረቅ ወደብ አላት፣ በባቲና በሚሌ በኩል ወደ ጅቡቲ የሚሄደው ሹፌር ያድርባታል። ኤችአይቪ እንዲህ ያለ መንገድ ይወዳል። የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በአገራችን በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ነው፣ ያን ጊዜ የነበረውን ለቅሶ የሚያስታውስ ሰው መድኃኒቱ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም። ነገር ግን ክኒን ብቻውን አያክምም። ቀጠሮ ያለፈበትን ስልክ ደውላ የምትፈልገው፣ «አይዞህ» ብላ የምትመልሰው፣ መዝገቡን የምትሞላው ሴት ናት ሰውየውን ሕይወት ላይ ያቆየችው። እንዲህ ያለውን ሥራ የሚሠሩት ብዙዎቹ በእርዳታ ገንዘብ የተቀጠሩ ናቸው። ወባውም አለ። ደሴ ብርድ ነው፣ የሐረጎን ተራራ ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ ጃኬት ታወልቃላችሁ፤ ከዚያ ወደ ቃሉና ባቲ ቆላ ሲወረድ ወባ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጆቹ 2024 ከጥር እስከ ጥቅምት 20 ብቻ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ታማሚ መመዝገቡን አስታውቋል። እርዳታው የተቆረጠው እንዲህ ያለ ዓመት በነጋ ማግስት ነው።

አንድ የተረሳ ወገንም አለ፤ ደመወዝተኛው። የማህበረሰብ አቀፉ መድህን የተሠራው ለገበሬውና በግል ሠርቶ ለሚያድረው ነው። ለተቀጣሪው የማህበራዊ ጤና መድህን አዋጅ ቁጥር 690 በ2002 ወጣ። ሠራተኛው ከደመወዙ 3 በመቶ፣ አሠሪው 3 በመቶ ይከፍላሉ ተባለ። ከዚያ ለዓመታት ሲራዘም ኖረ። ስለዚህ ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ የምትሰፋው ልጅም፣ ቁስሏን የምታጥብላት ነርስም ሲታመሙ ከኪሳቸው ነው። በግንቦት 2017 የጤና ባለሙያዎች ደመወዝና የሥራ ሁኔታ ይስተካከል ብለው በከፊል ሥራ ሲያቆሙ ከጥያቄዎቻቸው አንዱ ይኸው ነበር፤ ሌላውን አክሜ ራሴን ማሳከም አቃተኝ ነው የሚሉት። እውነት አላቸው።

ከወረዳ ወደ ደሴ ለምትመጡ፦ የታደሰ ደብተር፣ መታወቂያና ከጤና ጣቢያ የተጻፈ ሪፈር ይዛችሁ ኑ። የደብተሩ ማደሻ ጊዜ ካለፈ ሕክምናው በገንዘብ ነው የሚሆነው። መስኮቱ ላይ «የለም» ከተባላችሁ ማዘዣው ላይ እንዲጻፍና ማህተም እንዲመታ ጠይቁ፣ ከውጭ ስትገዙም ደረሰኝ ተቀበሉ። ወረዳችሁ ከውጭ የተገዛውን የሚመልስበት አሠራር ካለው ያለ ማህተምና ያለ ደረሰኝ አይመልስም። ለነፍሰ ጡር ደግሞ ቀኗ ሲቃረብ ጤና ጣቢያው የወላድ ማቆያ እንዳለው ጠይቁላት። እዚያ ትቆይና ምጡ ከሐኪም አጠገብ ይያዛት፣ ቅሬውም በሌሊት ዳገት አይውጣ።