በአልጎሪዝም የሚታገዝ የወገብ ህመም ሕክምና ምንድን ነው?

ጎንደር ውስጥ አንድ የማራኪ ሰፈር አናጢና አንድ የአዘዞ ባጃጅ ነጂ ሁለቱም «ወገቤን ያዘኝ» ካሉ ግማሽ ዓመት ሆኗቸዋል እንበል። ከ3 ወር ያለፈ የወገብ ህመም ሥር የሰደደ ይባላል፤ በአብዛኛው ሰው ላይ ራጅም ሆነ ኤምአርአይ ቁርጥ ያለ መንስኤ አያሳይም። ስለዚህ ሁለቱም ያው ማስታገሻ ታዞላቸው ይመለሳሉ። አናጢውን የሚጎዳው ግን ጎንበስ ብሎ መዋሉ፣ ነጂውን ደግሞ «ብንቀሳቀስ ሽባ እሆናለሁ» የሚለው ፍርሃት ሊሆን ይችላል።

አልጎሪዝም የሚባለው ይህን ልዩነት ከታካሚው መልስ አንጥሮ ወደሚስማማው ሕክምና የሚመራ፣ ደረጃ በደረጃ የተቀመጠ ደንብ ነው። ኮምፒውተር የግድ አይደለም። በእንግሊዝ ኪል ዩኒቨርሲቲ የተዘጋጀው «ስታርት ባክ» 9 ጥያቄ ያለው ወረቀት ነው፦ ህመሙ እግር ድረስ ይወርዳል? ልብስ ሲለብሱ ያዘገያል? መንቀሳቀስ ያሰጋዎታል? ችግር መኖሩን የሚያሳይ እያንዳንዱ መልስ 1 ነጥብ ነው፤ ድምሩ ከ4 በታች ለሆነ ሰው ጥሩ ምክር ይበቃዋል። 4 ከሞላ ፊዚዮቴራፒ ይታዘዛል። ፍርሃትንና ስሜትን ከሚመለከቱት 5 ጥያቄዎች ብቻ 4 ካመጣ ግን ስጋቱንም አብሮ የሚያክም ባለሙያ ያስፈልገዋል። በ2011 የታተመው የ851 ታካሚዎች ጥናት ይህ አመዳደብ በአነስተኛ ወጪ የተሻለ ውጤት እንደሰጠ አሳይቷል።

«ሰልፍባክ» የተባለው የስልክ መተግበሪያ ደግሞ ታካሚውን በየሳምንቱ ይጠይቃል፣ እርምጃውን በእጅ አንባር ይቆጥራል፣ ከዚያ እሱን ከሚመስሉና ከተሻላቸው ሰዎች መዝገብ ተነስቶ የሳምንቱን እንቅስቃሴ ያወጣለታል። በዴንማርክና በኖርዌይ 461 ሰዎች ላይ ሲሞከር ከ3 ወር በኋላ ጎላ ያለ መሻሻል ያገኙት 52 በመቶ ሲሆኑ፣ ያለ እሱ ከታከሙት 39 በመቶ ነበሩ። በአማካይ ሲታይ ግን ልዩነቱ ትንሽ ነው።

ስታርት ባክ በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ሲሞከር ለውጥ አላመጣም፤ ወረቀቱ ቢሞላም ታካሚዎቹ ያገኙት ሕክምና ያው የቀድሞው ነበርና። እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ጎንደር ላይ ጥያቄዎቹ በአማርኛ ቢጠየቁ እንኳ ፊዚዮቴራፒስት ጋር የሚያደርስ መንገድ ከሌለ መለየቱ ብቻ ማንንም አያድንም። የዴንማርክ ሰው መዝገብም እንስራ ስታዝል ለኖረች እናት እንዳለ አይሠራም፤ እዚሁ መፈተሽ አለበት።

ከሁሉም በፊት ግን አንድ ማጣሪያ አለ። ከወገብ ህመሙ ጋር እግር ከዛለ፣ ሽንት መቆጣጠር ካቃተ፣ ወይም ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና ክብደት መቀነስ ከታየ፣ ወደ ሐኪም መሄድ ነው እንጂ መጠይቅ መሙላት አይደለም። በአገራችን የአከርካሪ ቲቢ አለ፤ በጊዜ ከተደረሰበት በመድኃኒት ይድናል።