የካቲት በቴክሳስ ፓንሃንድል፦ ሰደድ እሳትና ከሰሜን የሚመጣው ብርድ

እኛ «ክረምት» ስንል ዝናብ፣ ጭቃና ጃንጥላ ነው የሚታየን። በሰሜን ምዕራብ ቴክሳስ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ክረምታቸው ብርድ ቢሆንም ደረቅ ነው። አማሪሎ ከተማ በዓመት የምታገኘው ዝናብ 500 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ አብዛኛው የሚወርደው በሞቃቱ ወራት ነው። ስለዚህ በየካቲትና በመጋቢት የአየር ትንበያ ሲወጣ፣ የአገሬው ሰው ከበረዶው ይልቅ ስለ እሳት የተጻፈውን ነው ቀድሞ የሚያየው።

አካባቢው ፓንሃንድል ይባላል፤ የመጥበሻ እጀታ ማለት ነው። ካርታው ላይ ከቴክሳስ ራስ ላይ ወጣ ብሎ የቆመው አራት ማዕዘን መሬት ነው። በምሥራቅና በሰሜን ኦክላሆማ፣ በምዕራብ ኒው ሜክሲኮ ያዋስኑታል። ዛፍ ብርቅ የሆነበት የሳር ሜዳ ነው፤ ከብት አርቢዎች ይኖሩበታል፤ ነፋሱን የሚያቆም ነገር የለም።

ሳሩ በመኸር ውርጭ ይመታና እስከ ፀደይ ድረስ ደርቆ ይቆማል። በጣት ሲይዙት ቀጭ ብሎ ይሰበራል። እንዲህ ያለው ቀጭን ሳር እርጥበት ለመሳብም ለመድረቅም አንድ ሰዓት ያህል ይበቃዋል። ጠዋት ጤዛ የነበረበት ሜዳ ከሰዓት በኋላ ጭድ ሆኖ ይጠብቃል። አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር አለ፦ ያለፈው በጋቸው ዝናባማ ከነበረ አደጋው ይብሳል። ዝናቡ ሳሩን ያሳድጋል፣ ክረምቱ ያደርቀዋል፣ እሳቱም የሚበላው አያጣም።

ነፋሱን የሚያመጣው ከሮኪ ተራሮች በስተምሥራቅ የሚፈጠር ዝቅተኛ የአየር ግፊት ነው። ከደቡብ ምዕራብና ከምዕራብ የሚነፍሰው አየር ከከፍታ ወደ ሜዳው ሲወርድ ይሞቃል፤ አንድ ኪሎ ሜትር በወረደ ቁጥር 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል። ሲሞቅ ደግሞ የእርጥበቱ መጠን ከ10 በመቶ በታች ሊወርድ ይችላል። ፀሐይ ወጥታለች፣ ሰው በቲሸርት ነው፣ ቀኑ ደስ ይላል። የሚያስፈራውም እንደዚህ ያለው ቀን ነው።

ይህን የሚከታተለው ኖርማን፣ ኦክላሆማ የሚገኘው የአሜሪካ የማዕበል ትንበያ ማዕከል ነው። የእሳት አደጋውን በሦስት ደረጃ ይከፍለዋል፦ ከፍ ያለ፣ አሳሳቢ፣ እጅግ አሳሳቢ። ሦስተኛው ደረጃ በዓመት ውስጥ ለጥቂት ቀናት ብቻ የሚወጣ ስለሆነ ሲወጣ ሰው በቁም ነገር ይይዘዋል። የየአካባቢው የአየር ሁኔታ ቢሮዎች ደግሞ መጀመሪያ «ተጠንቀቁ» የሚል መልእክት ያወጣሉ፤ አደጋው ሲቃረብ «ሬድ ፍላግ» የሚባለውን ማስጠንቀቂያ ያስከትላሉ። መስፈርቱ ከቦታ ቦታ ቢለያይም፣ በጥቅሉ የአየር እርጥበቱ ከ15 ወይም ከ20 በመቶ በታች ወርዶ ነፋሱ በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር ሲያልፍ ነው። በዚያ ቀን ብየዳ አይበየድም፣ ቆሻሻ አይቃጠልም።

እስካሁን ያለው ለማንም ግልጽ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ብርዱ ላይ ነው። ትንበያው «ማምሻውን ኮልድ ፍሮንት (የቀዝቃዛ አየር ግንባር) ይገባል» ሲል፣ «እፎይ፣ ይቀዘቅዝልናል» ማለት ይቀናናል። እሳት የሚያጠፉ ሰዎች ግን በጣም የሚፈሩት ያችን ሰዓት ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ከደቡብ ምዕራብ በሚነፍስ ነፋስ የሚነዳ እሳት እንደ ምላስ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይረዝማል። ግንባሩ ጠባብ ነው፤ ጎኑ ግን በአሥር ኪሎ ሜትሮች ሊለካ ይችላል። ጎኑ ቀስ እያለ ስለሚቃጠል ብዙም አያስቸግርም። ከዚያ ከሰሜን የሚመጣው ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ከሞቃቱ ሥር እየተሽሎከለከ ይገባል። ነፋሱ በደቂቃዎች ውስጥ ይዞርና ከሰሜን መንፈስ ይጀምራል። ያኔ ያ ረጅም የደቡብ ጎን በሙሉ ግንባር ይሆናል። ከመንገዱ ወጥቻለሁ ብሎ የተቀመጠ መንደር በአንዴ ፊት ለፊት ይጋፈጠዋል። የአየሩ እርጥበት ቀስ በቀስ ከፍ ማለቱ አይቀርም፤ ግን ነፋሱ ይቀድመዋል።

የካቲት 18 ቀን 2016 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 26 ቀን 2024) ስቲኔት ከተማ አጠገብ የተነሳው እሳት ይህንኑ አሳይቷል። ስሞክሃውስ ክሪክ ይሉታል። መነሻው የወደቀ የመብራት ምሰሶ ነበር። በማግስቱ ኮልድ ፍሮንቱ ሲገባ ነፋሱ ወደ ደቡብ ዞረ፤ እሳቱም ተከተለው። በመጨረሻ ከ1 ሚሊዮን ኤከር በላይ፣ ማለትም 4,280 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል በላ። አዲስ አበባን ስምንት ጊዜ ደርድሯት፣ ያን ያህል ነው። በቴክሳስ ታሪክ ከተመዘገቡት ሁሉ ትልቁ ነው። ሁለት ሰዎች ሞቱ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ከብቶች አለቁ። በዚያው ሰሞን በተነሳ ሌላ እሳት ምክንያት የኑክሌር መሣሪያ የሚገጣጠምበት የፓንቴክስ ፋብሪካ አንዳንድ ሠራተኞቹን እስከ ማስወጣት ደርሶ ነበር።

ለክልሉ አዲስ ነገር አልነበረም። በ2006 እ.ኤ.አ. መጋቢት ላይ ከአማሪሎ ምሥራቅ የተነሳው እሳት 900,000 ኤከር ገደማ አቃጥሏል። በ2017 እ.ኤ.አ. ማርች ወርም ኦክላሆማና ካንሳስ ላይ ነፋሱ እንዲሁ ዞሮባቸዋል። የብርዱ ፍጥነትማ ድሮም የታወቀ ነው፤ ቴክሳሶች «ብሉ ኖርዘር» ይሉታል። ኖቬምበር 11 ቀን 1911 ኦክላሆማ ሲቲ ላይ በአንድ ቀን ውስጥ ሙቀቱ ከ28 ዲግሪ ወደ 8 ዲግሪ ከዜሮ በታች ወርዷል።

ይሄ ሁሉ ለእኛ ሰው ምን ያደርግለታል ለሚል፣ ጭነት መኪና የሚነዱ ብዙ ሐበሾች ኢንተርስቴት 40ን ያውቁታል። መንገዱ አማሪሎን ሰንጥቆ ያልፋል። ባዶ ተጎታች ይዞ በእንዲህ ያለ ነፋስ መንዳት መገልበጥን መጋበዝ ነው። ሰንሰለትም መታሰር አለበት። አስፋልት ላይ እየተጎተተ ፍንጣሪ የሚረጭ ሰንሰለት በመንገድ ዳር ያለውን ሳር ለማቀጣጠል ይበቃል፤ ሹፌሩ ደግሞ ሳያውቀው 20 ማይል አልፎ ይሄዳል።

በእነዚህ ትንንሽ ከተሞች እሳቱን የሚጋፈጡት በአብዛኛው በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ቀን ከብት ሲያረቡ ወይም ሱቅ ሲሸጡ የሚውሉ ሰዎች። ፒካፕ ላይ የውሃ ታንከር ጭነው ይወጣሉ። መውጫ ቢያጡ የሚሸሹት ወደተቃጠለው መሬት ነው። እዚያ የሚነድ ነገር የለም።

ስሞክሃውስ ክሪክ በተነሳ በሦስተኛው ቀን በዚያው ጥቁር መሬት ላይ በረዶ ጣለ። ለጥቂት ሰዓታት አመዱ ነጭ ሆነ። እሳቱ ግን ሙሉ በሙሉ በቁጥጥር ሥር የዋለው መጋቢት ከገባ በኋላ ነው።