ፕሪኤክላምፕሲያ፦ የእርግዝና ደም ግፊትና የምርምሩ ጉዞ

ፕሪኤክላምፕሲያ ከእርግዝና 20ኛ ሳምንት በኋላ የሚከሰት፣ ደም ግፊትን ከፍ አድርጎ ኩላሊትን፣ ጉበትንና አንጎልን ሊጎዳ የሚችል ሕመም ነው። ግፊቱ 140/90 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ በሽንት ውስጥ ፕሮቲን ሲገኝ፣ ወይም ሌላ የአካል ክፍል ሲታወክ ሕመሙ ይዟታል ይባላል። 160/110 ከደረሰ ጊዜ የማይሰጥ ነው። ነፍሰ ጡሯን ካንቀጠቀጣት ደግሞ ኤክላምፕሲያ ይባላል። በዓለም ዙሪያ ከ100 ነፍሰ ጡሮች ከ2 እስከ 8 የሚሆኑትን ያጠቃል።

ክፋቱ ድምፅ አጥፍቶ መምጣቱ ነው። ብዙ እናቶች ግፊታቸው አሻቅቦም ደህና ነን ይላሉ። የማይለቅ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ ከቀኝ ጎን በላይኛው የሆድ ክፍል የሚሰማ ሕመም፣ የፊትና የእጅ ድንገተኛ እብጠት ሲታይ ግን ሳያድሩ ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል። «ነፍሰ ጡር ያብጣታል» ተብሎ የታለፈ እብጠት የስንቷን ሕይወት አደጋ ላይ ጥሏል!

የሕመሙ ሥር ያለው እንግዴ ልጁ ላይ ነው። በእርግዝናው መጀመሪያ የማሕፀን የደም ሥሮች በደንብ ሳይሰፉ ከቀሩ እንግዴ ልጁ ደም ያንሰዋል፤ ጎጂ ንጥረ ነገሮችንም ወደ እናቲቱ ደም ይለቃል። በ2003 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በቦስተን እነ ዶክተር አናንት ካሩማንቺ ከነዚህ አንዱን ለይተው አሳዩ፤ ይኸው ፕሮቲን በእርጉዝ አይጦች ላይ ሲሞከር ግፊት ጨመረ፣ በሽንትም ፕሮቲን ታየ። በአንዳንድ አገሮች ዛሬ የሚሠራበት የደም ምርመራ ከዚህ የምርምር መስመር የመጣ ነው። ቁርጥ ያለው መድኃኒት ግን አሁንም መውለድ፣ ማለትም እንግዴ ልጁ መውጣቱ ነው።

ምርምሩ ካስገኛቸው ሁሉ ትልቁን ቦታ መንቀጥቀጥን ለሚከላከለው ለማግኒዥየም ሰልፌት እሰጣለሁ። መድኃኒቱ አሮጌና ርካሽ ሲሆን፣ ሐኪሞች ግን ለአሥርተ ዓመታት ከሌሎቹ የመንቀጥቀጥ መድኃኒቶች ዲያዜፓም ይሻላል፣ ፌኒቶይን ይሻላል ሲባባሉ ኖረዋል። በ1995 የወጣው ዓለም አቀፍ ሙከራ ክርክሩን ዘጋው፤ ማግኒዥየም የወሰዱት እናቶች ዳግም የመንቀጥቀጥ ዕድላቸው ዲያዜፓም ከወሰዱት በግማሽ ያህል ያነሰ ሆኖ ተገኘ። በ2002 ደግሞ በ33 አገሮች ከ10,000 በላይ እናቶች የተሳተፉበት «ማግፓይ» የተባለው ሙከራ፣ መድኃኒቱ አስቀድሞ ከተሰጠ መንቀጥቀጡን ከግማሽ በላይ እንደሚቀንስ አረጋገጠ። አሰጣጡ ጥንቃቄ ይጠይቃል። አዋላጇ ቀጣዩን መርፌ ከመውጋቷ በፊት የእናቲቱን ጉልበት በመዶሻ መታ አድርጋ እግሯ ምላሽ መስጠቱን ታያለች፤ አተነፋፈሷን ትቆጥራለች፤ በከረጢቱ የተጠራቀመውን ሽንት ትለካለች። መድኃኒቱ ከበዛባት ማርከሻው ካልሲየም ግሉኮኔት ነውና አጠገብ መቀመጥ አለበት።

በመከላከሉ በኩል አስፕሪን አለ። በ2017 የታተመው «አስፕሬ» ሙከራ፣ ለአደጋው ተጋላጭ የሆኑ እናቶች ከ11ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ጀምረው በየማታው 150 ሚሊግራም ሲወስዱ፣ ከ37 ሳምንት በፊት ልጁ እንዲወለድ የሚያስገድደው ዓይነት ሕመም በ62 በመቶ መቀነሱን አሳየ። ካልሲየምም ከምግባቸው በቂ ለማያገኙ ይመከራል። በ2024 የታተሙ የሕንድና የታንዛኒያ ሙከራዎች በቀን 500 ሚሊግራም የሚሰጠው ጥቅም ከ1,500 ሚሊግራም እንደማያንስ ማሳየታቸው ለድሃ አገር ትልቅ ዜና ነው፤ ለአቅርቦትም ለመዋጥም ይቀላል።

እዚህ ላይ ነው የኢትዮጵያ ጉዳይ የሚያሳስበኝ። በ2016 እ.ኤ.አ. የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የእርግዝና ክትትል የጀመሩት 20 በመቶ ብቻ ናቸው። አስፕሪን ሥራውን በደንብ የሚሠራው በእነዚያ ሳምንታት አካባቢ ከተጀመረ ነው፤ በስድስተኛ ወሯ ጤና ጣቢያ ለመጣች እናት ግን ዋናው ዕድል አልፏል። ስለዚህ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤት ለቤት ዞራ «ወር አበባሽ ቀርቷል ወይ?» ብላ መጠየቋ ከማንኛውም ውድ ምርመራ አይተናነስም።

አዲስ አበባም የተካተተችበት «ክሬድል» የተባለ የስምንት አገሮች ሙከራ፣ ግፊትንና የልብ ምትን አገናዝቦ በአረንጓዴ፣ በቢጫና በቀይ መብራት የሚያስጠነቅቅ መሣሪያ ፈትሿል። በጠቅላላው ሞትን ስለመቀነሱ ቁርጥ ያለ ማስረጃ አላገኘም። ቀይ መብራት ያየች ሠራተኛ አምቡላንስና ተቀባይ ሆስፒታል ከሌላት ምን ታደርጋለች?

አደጋው በመውለድ ወዲያው አያበቃም፤ መንቀጥቀጥ ከወሊድ በኋላ ባሉት ቀናትም ሊመጣ ስለሚችል የአራስ ግፊት መለካት አለበት። ፕሪኤክላምፕሲያ የያዛት ሴት በኋላ ዘመኗ ለልብ ሕመምና ለስትሮክ ያላት ተጋላጭነት እጥፍ ያህል ነው፤ ከዓመታት በኋላ ደረቷን አሟት የመጣች ሴትም ስለ እርግዝናዋ ልትጠየቅ ይገባል።