ሁለቱም 7.62፣ ግን አንድ አይደሉም

አዳማ፣ አንድ ቡና ቤት ውስጥ ሁለት ጡረተኛ ወታደሮች ተከራከሩ። አንዱ «ክላሽም የአሜሪካው ጠመንጃ ኤም 14ም 7.62 ነው፤ ያው ነው» አሉ። ኧረ አይደለም ጋሼ! 7.62 የሚናገረው የአፈሙዙን ቀዳዳ ስፋት በሚሊሜትር ብቻ ነው። ቁም ነገሩ ባሩዱን በያዘው ቀለህ ላይ ነው። የክላሽ ቀለህ ርዝመቱ 39 ሚሊሜትር፣ የኤም 14 ግን 51። ረጅሙ ብዙ ባሩድ ይይዛል፤ ርቆ ይመታል፣ ትከሻንም ይደቃል።

ክብደቱስ? አንድ የክላሽ ጥይት 16 ግራም ገደማ፣ የኤም 14 ደግሞ ወደ 24 ግራም ነው። ትንሽ ይመስላል። 200 ጥይት ሲሆን ግን ልዩነቱ 1 ኪሎ ተኩል ያልፋል። ውሃው፣ ስንቁ ገና አልተቆጠረም። አሜሪካ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) 5.56 ወደሚተኩሰው ቀላሉ ኤም 16 የዞረችው አንድም በዚህ ሸክም ነው።