ሰውን ማርስ ላይ የማድረስ ጣጣ

ጨረቃ የሦስት ቀን መንገድ ናት። ማርስ ለመድረስ ግን ከስድስት እስከ ዘጠኝ ወር ይፈጃል። ያውም በፈለጉ ጊዜ ተነስተው አይሄዱም። ሁለቱ ፕላኔቶች ለጉዞ የሚመች አቀማመጥ የሚይዙት በየ26 ወሩ ገደማ ነው። የሄደ ሰው ለመመለስም ተራውን መጠበቅ አለበት። ደርሶ መልሱ ሦስት ዓመት ሊጠጋ ይችላል።

ሰውነት ይህን ይችላል ወይ? ክብደት አልባ ሆኖ የሚኖር ጠፈርተኛ ከአንዳንድ አጥንቶቹ በየወሩ ከ1 በመቶ በላይ ያጣል። ለዚህ ነው በቀን ሁለት ሰዓት ገደማ ስፖርት የሚሠራው። ሩሲያዊው ሐኪም ቫለሪ ፖልያኮቭ ሚር በተባለው የጠፈር ጣቢያ 437 ቀን በተከታታይ ቆይተው እ.ኤ.አ. በ1995 ሲመለሱ፣ ከመንኮራኩሩ ወጥተው አጠገባቸው ወዳለው ወንበር በእግራቸው ሄደዋል። ስለዚህ ይቻላል። ከጠፈር የሚመጣው ጎጂ ጨረር ግን ሌላ ነገር ነው። ኪዩሪዮሲቲ የተባለው የናሳ ሮቦት ወደ ማርስ ሲጓዝ በቀን 1.8 ሚሊሲቨርት (የጨረር መጠን መለኪያ ነው) ገደማ ለክቷል። ወፍራም መከላከያ ይሠራለት ቢባል ክብደቱ አይቻልም።

ክብደት ካነሳን አይቀር፣ ብዙ የማይወራለት ትልቁ ፈተና ማረፉ ነው። የማርስ አየር ከምድር 1 በመቶ አይሞላም። ሲገቡበት በሙቀት ይለበልባል፣ ፍጥነት ለመግታት ግን አቅም የለውም። በየካቲት 2021 ፐርሲቪራንስ የተባለው የናሳ ሮቦት አየሩን በሰዓት 19,500 ኪሎ ሜትር ገደማ እየበረረ ገባ። በሰባት ደቂቃ ውስጥ በሙቀት ጋሻ፣ በፓራሹትና በሮኬት ፍጥነቱን ገታ፤ በመጨረሻ በገመድ ተንጠልጥሎ ወረደ። የሬዲዮ መልእክት ምድር ለመድረስ 11 ደቂቃ ይወስድ ስለነበር፣ መሐንዲሶቹ "መውረድ ጀመረ" የሚለውን ሲሰሙ ነገሩ አልቆ ነበር። ይህ ሁሉ ለአንድ ቶን ዕቃ ነው። ሰው የያዘ መንኮራኩር 20 ቶንና ከዚያ በላይ ይመዝናል። ያንን የሚችል ፓራሹት ስለሌለ ሞተሮቹ ገና በከፍተኛ ፍጥነት ላይ እያለ ወደፊት እየተኮሱ ማቆም አለባቸው።

ብቸኝነቱም ቀላል አይደለም። መልእክት በአንድ አቅጣጫ እስከ 22 ደቂቃ ስለሚፈጅ ከቤተሰብ ጋር ስልክ ማውራት የለም። በሂውስተን አራት ሰዎች ለ378 ቀን ማርስን በሚመስል ቤት ተዘግተው በሐምሌ 2024 ወጥተዋል። ጥሩ ልምምድ ነው። የባሰ ነገር ቢመጣ ግን በሩን ከፍቶ መውጣት ይቻል ነበር።

መመለሻውስ? ከማርስ ለመነሳት ለአራት ሰው 25 ቶን ገደማ ኦክስጅን ለሮኬቱ ብቻ፣ ነዳጁን ለማቃጠል ያስፈልጋል። ከምድር ተሸክሞ መሄድ የማይታሰብ ነው። ሞክሲ የተባለችው፣ ፐርሲቪራንስ ላይ የተጫነች፣ የመኪና ባትሪ የምታክል መሣሪያ፣ በማርስ አየር ውስጥ ያለውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሰንጥቃ እስከ 2023 ድረስ በ16 ሙከራ 122 ግራም ኦክስጅን አወጣች። ለአንድ ሰው የጥቂት ሰዓት ትንፋሽ ነው፤ ዘዴው ግን ሠርቷል። አንዱ ሐሳብ በመቶዎች እጥፍ የሚበልጥ መሣሪያ ቀድሞ መላክ ነው። ታንኩ መሙላቱ ሲረጋገጥ ሰዎቹ በቀጣዩ ዙር ይነሳሉ።