የምርጫ ቦርዶች ሲፈራረሙ፦ የሚወራውና እውነታው

የሁለት አገር ምርጫ ቦርዶች የትብብር ሰነድ ፈርመው ሲጨባበጡ ፎቶው ይለቀቃል፣ ወሬውም ይከተላል። አንዱ «አገር ታሰረች» ይላል፣ ሌላው «ባዶ ወረቀት ነው»።

«የሁለት አገር ተቋማት ከፈረሙ ዓለም አቀፍ ስምምነት ነው።» አይደለም። አገሮች እርስ በርስ የሚዋዋሉበትን ሕግ የያዘው እ.ኤ.አ. የ1969ኙ የቪየና ኮንቬንሽን የሚመለከተው በመንግሥታት መካከል በጽሑፍ የተደረገውንና በዓለም አቀፍ ሕግ የሚገዛውን ነው። ቦርድ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚፈርመው በራሱ ስም ነው። ሥልጣን ሳይኖረው በአገሩ ስም ቢፈርምስ? መንግሥት በኋላ ካልተቀበለው ሕጋዊ ውጤት የለውም፤ ይሄም እዚያው ኮንቬንሽን ውስጥ አለ።

«የመግባቢያ ሰነድ ከተባለ አያስገድድም።» ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ከምርጫ ውጪ ያለ ምሳሌ ልጥቀስ። ኬንያና ሶማሊያ እ.ኤ.አ. በ2009 የባሕር ወሰናቸውን በሚነካ ጉዳይ የመግባቢያ ሰነድ ፈረሙ። በኋላ ሶማሊያ «ፓርላማ አላጸደቀውም» ብላ ተከራከረች፤ ዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤት ግን በ2017፣ ፈራሚው ሚኒስትር ሙሉ ሥልጣን እንደነበራቸውና ሰነዱ ራሱ ሲፈረም እንደሚጸና መጻፉን አይቶ፣ አስገዳጅ ስምምነት ነው አለ። (ኬንያ በዚህ ነጥብ ብታሸንፍም ሶማሊያ የመሠረተችውን ክስ ማስቆም ግን አልቻለችም።) ስለዚህ ርዕሱን ትታችሁ ወደ መጨረሻዎቹ አንቀጾች ውረዱ። «ይህ ሰነድ ሕጋዊ ግዴታ አይፈጥርም» የሚል ዓረፍተ ነገር ካለ ነገሩ ከሞላ ጎደል አለቀ። እንደ «ይጥራሉ» ያሉ ለስላሳ ቃላትም ብዙ ይናገራሉ።

«ካላስገደደ ምን ይሠራል?» ባለሙያ ይለዋወጡበታል፣ ሥልጠና ይሰጡበታል። ፍርድ ቤት አይወስድም፣ ግን በር ይከፍታል። ደግሞ ገንዘብ ወይም ዕቃ ከገባበት ብዙውን ጊዜ ለብቻው ውል ይፈረማል፤ የሚያስከስሰው እሱ ነው።

«የመራጮች መዝገብ ተላልፎ ተሰጠ።» «መረጃ እንለዋወጣለን» የምትለዋ መስመር ናት ይህን የምታስወራው። ቦርድ በሕግ ያልተሰጠውን ሥልጣን በፊርማ አያገኝም። የግል መረጃ ጥበቃ ሕግና የምርጫ ሕግ የሚከለክሉትን የመግባቢያ ሰነድ አይፈቅድም፤ እንዲህ ያለ ነገር ተደርጎ ከተገኘም ሰነዱ መከላከያ አይሆንም። ታዛቢም እንደዚሁ ነው። በሰነዱ ተጋብዞ ቢመጣ እንኳ በአስተናጋጇ አገር ሕግ መሠረት ፈቃድና ባጅ ካላገኘ ምርጫ ጣቢያ አይገባም።